አምስት ዓመት ይበቃኛል

ሪማ አርካዲዬቭና ከእግዜር ጋር ስትነጋገር ሁልጊዜ ትንሽ ነው የምትለምነው። ብዙ የለመነ ብዙ ይነጠቃል ባይ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት በሩሲያዋ የድንበር ከተማ በኢቫንጎሮድ ፓስፖርት ልታወጣ ስትሄድ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «የአምስት ዓመቱን ነው የዐሥር ዓመቱን?» ብላ ጠየቀቻት። የአምስት ዓመቱ ተራ ደብተር ነው፤ የዐሥሩ አሻራ ተነሥቶ ቺፕ ይቀበርበታል።

«ልጄ፣ የልደት ቀኔን አይተሽዋል?» አለች ሪማ።

«አይቻለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመትዎ ነው።»

«ታዲያ ዐሥሩን ዓመት ማን ሊጨርሰው ነው? ትሉ? አምስት ዓመት ይበቃኛል።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ከሳቁት መካከል ግማሾቹ ተራቸው ሲደርስ እነሱም የአምስት ዓመቱን ወሰዱ። የዚያ አገር ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ድንችና ጎመን ለሁለት ክረምት ያከማቻል፣ ለራሱ ዕድሜ ግን ከአምስት ዓመት በላይ መያዝ ነውር ይመስለዋል።

መንታ እህቷ ፋይና ከወንዙ ማዶ፣ ከኢስቶኒያዋ ናርቫ ደውላ ይህን ስትሰማ ጮኸችባት።

«የዐሥሩን አውጪ ብዬሽ አልነበር? አንቺ እኮ ሳትሞቺ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ገብተሽ ስፋቱን የምትለኪ ሴት ነሽ!»

«አንቺስ? በዚህ ዕድሜሽ የሃያ ዓመት ዋስትና ያለው ማቀዝቀዣ የገዛሽው!»

«ገዛሁ። ምን ትሆኚ?»

ማቀዝቀዣው ዛሬም ናርቫ ላይ እንደ አዲስ ይሠራል። ያለቀችው ፋይና ናት። በፀደይ ቆሽቷ ላይ የተገኘው ነቀርሳ በበጋው ሥጋዋን፣ በመጸው ድምፅዋን ወሰደው።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የፋይና ልጅ ዝላታ ደወለች። ዝላታ ሲጨንቃት ቃላቷ እርስ በርሳቸው የሚረጋገጡባት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አንድ በአንድ እየለየች ነው የተናገረችው።

«አክስቴ፣ ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ከእንግዲህ በሳምንት አትቁጠሩ፣ በቀን ቁጠሩ አለን። እማዬ ስምሽን ትጠራለች። ደግሞ ያንን የቀይ ፍሬ ማርማላትሽን አማረኝ አለች። አትውጠውም፣ ግን ምላሷ ላይ ጎምዘዝ እንዲልላት ብቻ።»

«ነገ እዚያ ነኝ» አለች ሪማ።

ለምን አትሆን? ቪዛ አላት። የቅርብ ዘመድ ለሚጠይቅ ብቻ የሚሰጠውን ቪዛ ባለፈው ዓመት ስምንት ወር ደጅ ጠንታ፣ ከአንድ እናት በአንድ ቀን መወለዳቸውን በማኅተም አስመስክራ ነው ያገኘችው። ሦስት ጊዜ ተሻግራበታለች፤ የመጨረሻው በነሐሴ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ሻንጣዋን ዘጋች፤ መንገድ የሚወጣ ሰው እንደሚያደርገው ሻንጣው ላይ ለአንድ አፍታ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ «በሉ እንግዲህ» ብላ ለባዶው ቤት ተሰናብታ ወጣች። ከመንገዱ ጥግ ስትደርስ ማርማላቱን ጠረጴዛው ላይ መርሳቷ ትዝ አላት። ተመልሳ ብልቃጡን አነሣችና እየሮጠች ወጣች። ረስቶ የተመለሰ ሰው መስተዋት ፊት ቆሞ ምላሱን ለራሱ ማውጣት እንዳለበት ታውቃለች፤ እናቷ ጡት ስታስጥላት ያስተማረቻት ነገር ነው። ግን ቸኮለች።

ኬላው አጠገብ ያለው ሰልፍ የራሱ መንግሥት አለው። ፖሊስ አያሰልፍህም፤ መዝገብ የያዘ ሰው ነው የሚያሰልፍህ። በዚያ ሳምንት መዝገቡን የያዘችው አንፊሳ ነበረች። ማዶ ያለች ባልቴት እናቷን ለማጠብ በሳምንት ሁለቴ የምትሻገር፣ ወርደ ሰፊ፣ ባለ ጥቁር ኮፍያ ሴት። የሪማን መዳፍ ይዛ ተራዋን በእስክሪብቶ ስልሳ አራት ብላ ጻፈችበት።

«ምነው እንዲህ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ? የሚያባርርዎ አለ?» አለቻት።

«ረስቼ ተመልሼ ነበር።»

«መስተዋት አይተዋል?»

«አላየሁም።»

አንፊሳ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። «ሰባ ዓመት ኖሮ መስተዋት የማያይ ሰው! በሉ ግድየለም፣ ፊትሽ መስተዋት ነው እያለ ባሌ ይሰድበኛል፣ እኔን ይዩ።»

ሪማ ሳቀች። ምላሷን ግን አላወጣችም። ሰው ይታዘበኛል ብላ።

ሰባት ሰዓት ቆማ ከጠበቀች በኋላ የሩሲያውን ኬላ አለፈች። ድልድዩ የወዳጅነት ድልድይ ይባላል፤ ስም ያወጣለት ሰው ዛሬ መጥቶ የሾህ ሽቦውንና መሐል ላይ የተደረደረውን የሲሚንቶ ጥርስ ቢያይ ያፍር ነበር። ግራና ቀኝ ሁለቱ አሮጌ ግንቦች ተፋጠው ቆመዋል። ሪማ ሻንጣዋን እየጎተተች ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄደችና ማዶ ደረሰች።

በመስኮቱ ውስጥ ያለችው የኢስቶኒያ ፖሊስ ቀጭን፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ ያሰረች ልጅ ነበረች። ፓስፖርቱን ከፈተች፤ ዘጋች፤ ሽፋኑን አየች።

«ወይዘሮ፣ ይህ ቺፕ የለውም።»

«የለውም። ቪዛ ግን አለው። ገጽ ዐሥራ አንድ።»

«ቪዛው ልክ ነው። የተለጠፈበት ደብተር ነው ልክ ያልሆነው። ከዚህ ወር መጀመሪያ ጀምሮ የአምስት ዓመቱን ፓስፖርት አንቀበልም። ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር።»

«የት ነው የወጣው?»

«በድረ ገጻችን።»

«ልጄ፣ እኔ የማየው ድረ ገጽ የለኝም፤ የማየው እህት ነው ያለኝ» አለች ሪማ፤ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። «መንታዬ ናት። እየሞተች ነው። ከዚህ ቤቷ ድረስ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ በእግር ነው። ሻንጣዬንም ደብተሬንም እዚህ ያዙት፣ ነገ እመለሳለሁ።»

ልጅቷ አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋም ያንኑ ተናገረ። ከዚያ ልጅቷ በአንድ የመግቢያ ክልከላ ወረቀት ላይ ከብዙ ሣጥኖች አንዷን ምልክት አድርጋ ሰጠቻት። ሪማ በዕድሜዋ ብዙ ስድብ ተሰድባለች፤ በሣጥን ምልክት ስትሰደብ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ቪዛዋን በጉያዋ ይዛ ድልድዩን ተመለሰች። ከኋላዋ ፖሊስ ነበር፣ ስለዚህ አላለቀሰችም፤ ወደ ወንዙ ዞር ብላ ዓይኗን ለነፋስ ሰጠችው እንጂ። ያን ጊዜ ነው ከድልድዩ ሥር፣ በናርቫ በኩል ባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ አንዲት ሴት ውሻዋን ስታንሸራሽር ያየችው። ውሻው ቢጫ ካፖርት ለብሷል። ቁልፎቹ እንኳ ይታያሉ፤ አራት ናቸው። «የናርቫ ውሻ ከእኔ ይሻላል» ብላ አለፈች።

የምትሻገረውን አንፊሳን መንገድ ላይ አገኘቻትና ብልቃጡን ሰጠቻት። ማርማላቱ ያን ዕለት ገባ። ፓስፖርት አልጠየቁትም።

ረቡዕ ለሪማ ቀን አልነበረም፤ በር ማንኳኳት ነበር። ፓስፖርት ቢሮ ሄደች። «አዲስ? ቢፈጥን አንድ ወር» አሉ። ቆንስላ ደወለች፤ መስመሩ ሙዚቃ አሰማትና ተቋረጠ፤ ደግማ ደወለች፤ አዲስ ፓስፖርት ሲኖርሽ አዲስ ማመልከቻ ታስገቢያለሽ ተባለች። ጎረቤቷ ጡረተኛው መርከበኛ ደግሞ ምክር ሊሰጥ በሩን አንኳኳ።

«መንታ አይደላችሁ? የእሷን መታወቂያ ላኪልኝ በያትና በእሷ ስም ግቢ።»

«አሻራ አለ፣ የእኔ ብልህ። ደግሞም ፎቶዋን አይተሃል? አሁን ከእኔ ይልቅ አንተን ነው የምትመስለው» አለች ሪማ። እሱ ስቆ ወጣ። እሷ በሩን ዘግታ መስተዋት ፊት ቆመች። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ፋይና ምን እንደምትመስል ለማወቅ መስተዋት ማየት ይበቃት ነበር። አሁን አይበቃም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አልገደም።

ወንዙ ዳር ወርዳ ከማዶ እንዳታያት፣ በዚህ በኩል ያለው ዳርቻ የወታደር ነው፤ ለመቅረብ ፈቃድ ማመልከት፣ ፈቃዱንም ሃያ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በኢቫንጎሮድ ወንዙን በነጻ ማየት የሚቻለው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው።

ከድልድዩ ላይ።

ሪማ ማልቀሷን አቆመች። ቢጫውን ውሻ አሰበች። አራቱን ቁልፎች አሰበች። ማዶ ለመግባት ፓስፖርቷ አይረባም። ማዶ ሄዶ ለመባረር ግን ይረባል! ሄዳ፣ ተባርራ ትመለሳለች፤ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ትረግጠዋለች።

ስልኩን አነሣች። «ዝላታ፣ እናትሽን በተሽከርካሪ ወንበር ወንዝ ዳር ማውረድ ይቻላል? ከድልድዩ ሥር።»

«አክስቴ፣ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ...»

«ሐኪሙ በቀን ቁጠሩ አላለም? እንግዲህ አንዱን ቀን ለእኔ ቁጠሪልኝ።»

ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ፣ ትራስ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ መጣ።

«ሪምካ።»

«ፋያ! ፋይቻካ!»

«ማርማላትሽ... ስኳር በዝቶበታል።»

«አፍሽ ነው የተበላሸው እንጂ።»

«ነገ... ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ያኔ ነው ያለችው።» ለመተንፈስ ቆመች። «የዐሥሩን... አውጪ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር» አለች ሪማ። በሰባ አንድ ዓመት ውስጥ በክርክር የተሸነፈችው ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሪማ ሁሉንም በደንቡ አደረገች። የምትዘጋው ሻንጣ ስላልነበረ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምንም አልረሳችም። ጭንቅላቷ ላይ ቀዩን ሻርፕ አሰረች፤ ከሩቅ እንዲታይ።

አንፊሳ ስታያት እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ሥር አውጥታ ቆመች። «በሁለት ቀን አዲስ ፓስፖርት ወለዱ እንዴ?»

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ይመልሱዎታል!»

«አውቃለሁ። ልመለስ ነው የምሄደው።» ከዚያ ጉዳዩን ነገረቻት፤ ፋይናን፣ ዘጠኝ ሰዓትን፣ የወንዙን ዳር። ተናግራ ስትጨርስ ሰልፉ ጆሮውን አቁሞ ነበር። ሰልፍ ላይ ምሥጢር የለም፤ ስልሳ ሰው አንድ ጆሮ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሰልፍ በሰዓት አይሄድም። አንዳንድ ቀን ስልሳ ሰው በአራት ሰዓት ያልቃል፣ አንዳንድ ቀን አንዱን ሻንጣ ሲበረብሩ ይመሻል። አንዲት የምትሞት ሴት ደግሞ በጥቅምት ብርድ ከሩብ ሰዓት በላይ ውጭ አትቀመጥም። ስለዚህ ሪማ በተራዋ ሳይሆን በሰዓቷ መግባት አለባት።

«ቁጥር አልጽፍልዎትም» አለች አንፊሳ። «ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከፊት የቆመው ማንም ይሁን፣ ከእሱ በፊት ይገባሉ። የሚቃወም አለ?»

ጢሞፌይ የሚባል፣ የጸጉር ኮፍያ ያደረገ፣ ሰማያዊ ሻንጣ የያዘ ሰው እጁን አወጣ። «እኔ እቃወማለሁ። ተመላሽ ሰው አንድ ሰዓት ነው የሚያስጨርሰው። ወረቀት ሲሞሉላት፣ አለቃ ሲጠሩላት። ለምን? ለመንሸራሸር? ሁላችንም ማዶ የሚሞት ሰው አለን።»

«አፍህ ይሰበር!» አለች አንዲት ሴት።

«ይሰበር። አምና እናቴ ስትቀበር እዚሁ ቆሜ ነበር፤ ቁጥሬ መቶ ሁለት። ማን አሳለፈኝ? አንፊሳ፣ አሳልፈሽኛል?»

አንፊሳ መዝገቡን ገለጠች፣ ዘጋች። ሪማ ወደ ሰውየው ቀረበች። ለልመና አልሠለጠነችም፤ ከእግዜር እንኳ አምስት ዓመት ነው የለመነችው።

«ልክ ነህ» አለችው። «ማንም ሊያሳልፍህ ይገባ ነበር። እኔንም ማንም ላያሳልፈኝ ይችላል። ግን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንተ ከፊት ከሆንክ፣ ስድቡን ሰድበህ አሳልፈኝ። ስድቡን እችለዋለሁ።»

ሰውየው ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ሻንጣው አየ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከፊት የነበረው እሱ ነው። ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀ። «ግቢ። አላዝንልሽም፣ ይሄን እወቂ።»

«አትዘንልኝ» ብላ ገባች።

ጠቃጠቆ ፊት ያለው የሩሲያው ወታደር ፓስፖርቷን አገላበጠ። «እናቴ፣ በዚህ አያስገቡዎትም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ሐኪሜ በእግር ሂጂ ብሎኛል።»

ትከሻውን ሰብቆ ማኅተሙን መታላት። ድልድዩ ላይ ስትወጣ ዘጠኝ ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ነበረው። ቀስ አለች። እርምጃዋን አሳጠረች፤ ሰው እንደ ሙሽራ የሚራመደው በሰርጉ ብቻ አይደለም። ወደ ታች አየች። መናፈሻው ባዶ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ቅጠል፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ። ቢጫው ውሻ እንኳ የለም። ከኋላዋ «አትቁሙ፣ ሂዱ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሄደች።

በመስኮቱ ውስጥ ያችው ቀጭን ልጅ ነበረች።

«ወይዘሮ፣ እርስዎን አስታውሳለሁ። ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረሽኛል። መልሺኝ።»

«እንዴት?»

«መልሺኝ ነው የምልሽ። ወረቀቱን ሙይና ስጪኝ።»

ልጅቷ ነገሩ አልገባትም። ያልገባው ሹም ደግሞ አለቃ ይጠራል። አለቃው አልነበረም፤ ይመጣል አሉ። ሪማን ግድግዳ ጥግ አስቀመጧት። ከፊቷ የግድግዳ ሰዓት አለ። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከዐሥር ሆነ። ፋይና ከሦስተኛ ፎቅ በሰው ትከሻ ወርዳ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ባዶ ድልድይ እያየች ነው። ዘጠኝ ከሩብ። ዝላታ ወንበሩን ወደ ቤት ልታዞር ነው። ሪማ ተነሥታ መስኮቱን በመዳፏ መታችው።

«ስለ ፈጣሪ ቶሎ መልሱኝ! ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምኗችሁ ያውቃል? ግቡ ስትሉ የምትዘገዩት ይሁን፣ ለመባረር ደግሞ ወረፋ አለው? እህቴ ከሥራችሁ ተቀምጣለች! ከዚህ በታች! ሳልፍ እንድታየኝ ነው የመጣሁት፤ ለዚህ ብቻ ነው፤ አገራችሁን አልፈልገውም፣ ድልድዩን ብቻ ነው!»

ቀጭኗ ልጅ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ዞር ብላ አየች። ምን እንዳየች ሪማ ከቆመችበት አልታያትም። ከዚያ ልጅቷ ወረቀቱን ሳበች፤ ሣጥኗ ላይ ምልክት አደረገች፤ ፓስፖርቱን ከፈተች።

«ሲመለሱ ሁለተኛዎ ስለሆነ ቪዛውን መሰረዝ አለብኝ» አለች።

«ሰርዢው።»

ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ወረደ። ስምንት ወር ደጅ የተጠናበት ቪዛ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ። ሪማ ወረቀቱን እንኳ ሳታጥፍ ነጠቀቻት። ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘቻት።

«ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው እንዲሰማት። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የጫማዎ ክር ግን ተፈትቷል። መንገድ ላይ ቢያስሩት ይሻላል።»

ሪማ ወደ እግሯ አየች። ያደረገችው ዚፕ ያለው ቦት ጫማ ነው።

ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ተነሥቶ ሻርፏን ይጎትታል። ወደ ታች ለማየት ፈራች፤ ዐሥር እርምጃ ሳታይ ሄደች፤ ከዚያ አየች።

አሉ።

ዝላታ ራሷን ሳትሸፍን፣ ጸጉሯ እየተበተነ ቆማለች። ከፊቷ ተሽከርካሪ ወንበር፤ ወንበሩ ላይ የብርድ ልብስ ክምር፤ በክምሩ ጫፍ አንድ ጡጫ የምታክል ነጭ ነገር። ይህ ፊት ነው። የፋይና ፊት ነው። ሪማ አላወቀችውም። እንዲህ ያለውን ፊት መንገድ ላይ ብታገኘው ጎንበስ ብላ «ማን ልበል?» ትለው ነበር። የውሻ ካፖርት ቁልፍ የቆጠረ ዓይን የገዛ መንታዋን ፊት መለየት አቃተው።

ጎንበስ አለች፤ የሌለውን ክር ልታስር ያዘች። ስልኳ ጮኸ።

«አክስቴ! እምቢ አለች፣ አልገባም አለች፣ ሁለቴ ላዞራት ሞከርኩ፣ ጎማውን በእጇ ያዘችብኝ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል...» ቃላቷ እንደ ወትሮው መረጋገጥ ጀመሩ። «ታይሻለች ግን! ቀዩን አይታዋለች!»

«ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

ነፋስ፤ ትንፋሽ። ትንፋሽ፤ ነፋስ።

«ፋያ፣ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ማርማላትሽን ረስቼ ተመለስኩ፤ መስተዋት ሳላይ ወጣሁ። ለዚህ ነው የመለሱኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።» «መስተዋቱን አሁን ላየው ነው።»

ከኋላዋ «ወይዘሮ! ሂዱ!» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። ሪማ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጡረተኛ መምህር ናት፤ ከፊቷ የሩሲያ ጦር፣ ከኋላዋ የኢስቶኒያ ፖሊስ አለ። ወደ ወንዙ ዳር ዞረችና ምላሷን እስከ ሥሩ አወጣች።

ለጊዜው ምንም አልሆነም። ክምሩ አልተንቀሳቀሰም። ሪማ ምላሷን ሳትመልስ ቆመች፤ ነፋሱ አደረቀው። ከዚያ ዝላታ ስልኩ ውስጥ ጮኸች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም።

«አወጣች! አክስቴ፣ ምላሷን አወጣችልሽ!»

«ወይዘሮ!»

ሪማ ስልኩን ዘጋች። ከዚህ ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም ፋይና የቀራትን ትንፋሽ በእሷ ላይ እንድታባክነው አልፈለገችም። ሄደች። የተሸኘ ሰው እየሄደ ወደ ኋላ አያይም፤ ይህንንም እናቷ ናት ያስተማረቻት። አላየችም። አንገቷ እስኪግል ድረስ አላየችም። ጀርባዋ ላይ ግን ቀዩ ሻርፕ እስኪጠፋ ድረስ የሚከተላት ዓይን እንዳለ ታውቃለች፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳትጎብጥ ተራመደች።

ጠቃጠቆው ወታደር ፓስፖርቷን ተቀበለ። በተሰረዘው ቪዛ ላይ ጣቱን አሳልፎ አያት።

«እንዴት ነበር ውጭ አገር?»

«ቅርብ ነው» አለች ሪማ።

ማኅተሙን ባዶ ገጽ ላይ መታው። ከአምስቱ ዓመት ገና ሁለት ይቀራል፤ ባዶ ገጹም ብዙ ነው።